ከፋሲካ ሠርግ በኋላ ወደ ዛንዚባር፦ በዝናብ ወቅት ስለሚደረግ የደሴት ዕረፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ የብዙ ኦርቶዶክሳውያን ጥንዶች ሠርግ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ባሉት የሚያዝያና የግንቦት ሳምንታት ይደራረባል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚርቀው ዛንዚባርም ለጫጉላ ሽርሽር ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ሆኗል። ችግሩ እነዚሁ ሳምንታት በደሴቲቱ የዓመቱ ከባድ ዝናብ የሚወርድባቸው መሆናቸው ነው። የሆቴል ዋጋ በዚያን ሰሞን በእጅጉ የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት እንጂ ለሙሽሮች ታስቦ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ቲኬታቸውን አስቀድመው ለቆረጡና ለመቁረጥ እያመነቱ ላሉ ሰዎች ነው።

ዝናቡ የሚዘንበው መቼ ነው? ምን ያህልስ ይከብዳል?

ዛንዚባር በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። ረጅሙና ከባዱ ማሲካ ይባላል፤ በመጋቢት ውስጥ ይጀምርና እስከ ግንቦት መገባደጃ ይዘልቃል። አጭሩ ቩሊ ደግሞ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ምክንያቱ የነፋስ መገለባበጥ ነው፦ በበጋው ወራት ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ የከረመው ካስካዚ ተዳክሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኩሲ ሲተካው፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ላይ በምትገኘው ደሴት ሰማይ ላይ ከውቅያኖስ የመጣ እርጥብ አየር ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቅዞም ይዘንባል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል ብቻ በአማካይ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ይህም አዲስ አበባ በነሐሴ ከምታገኘው ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የአዲስ አበባን ክረምት በልቡ ይዞ የሚሄድ ሰው ይሳሳታል፤ በዛንዚባር ዝናብ አለ እንጂ ብርድ የለም። የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፤ ባሕሩም ለብ እንዳለ ይቆያል። ተጓዡን ከዝናቡ ይልቅ የሚያስመርረው ወበቁ፣ ማለትም የታጠበ ሸሚዝ ለሁለት ቀን ሳይደርቅ እንዲቆይ የሚያደርገው የአየሩ እርጥበት ነው።

ቀኑን ሙሉ ይዘንባል? የስልክ ትንበያው ለሳምንቱ ሙሉ የዝናብ ምልክት ያሳያል።

በማሲካ ወቅት ትንበያው ለእያንዳንዱ ቀን የደመናና የመብረቅ ምልክት ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ምልክቱ ግን ያ ቀን በአንዱ ሰዓት ዝናብ ሊያገኝ ይችላል ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። ዝናቡ በአብዛኛው እንደ በርሜል ውኃ ይገለበጥና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ያባራል፤ ወዲያው ፀሐይ ትወጣና መንገዱ ይጨሳል። ስለዚህ የሳምንቱን ትንበያ ትቶ በየማለዳው የዕለቱን የየሰዓት ትንበያ ማየት፣ ሰማዩንም ማየት፣ የሆቴሉን የአትክልት ሠራተኛም መጠየቅ የበለጠ ይጠቅማል።

በሌላ በኩል ሁለትና ሦስት ቀን ሳያቋርጥ የሚዘንብባቸው ጊዜያትም እንዳሉ መደበቅ አይገባም። አራት ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው እንዲህ ያለው ሰሞን ላይ ቢወድቅ ፀሐይ ሳያይ ሊመለስ ይችላል፤ ሰባትና ስምንት ሌሊት የያዘ ግን ጥቂት የጠሩ ግማሽ ቀናት ማግኘቱ እምብዛም አይቀርም። በዝናብ ወቅት ዋጋው ስለሚቀንስ የተረፈውን ገንዘብ የተሻለ ክፍል ከመከራየት ይልቅ ተጨማሪ ሌሊት መግዣ ማድረግ የብልህ ሰው ምርጫ ነው።

ቀኑን መቀየር ብንችል መቼ ይሻላል?

በጥር የሚያገቡ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ ጥርና የካቲት በዛንዚባር ሞቃትና በአብዛኛው ደረቅ ወራት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡ ግን ጉዞውን እስከ ሰኔ አጋማሽ ማዘግየት ቢችሉ ደስ የሚል፣ ቀለል ያለ አየር ያገኛሉ። የዕረፍት ሐሳቡ አሸዋ ላይ ተኝቶ ፀሐይ መሞቅ ብቻ የሆነ ሰው በሚያዝያ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ይህን ለማለት ማመንታት አያስፈልግም። የድሮ ከተማ፣ ገበያ፣ ምግብና ጫካ የሚወድ ሰው ግን ሰው በሌለበት፣ ወረፋ በሌለበት ጊዜ ስለሚያየው እንዲያውም ያተርፋል።

ማረፊያችንን የት እናድርግ?

ብዙ ጥንዶች ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ገብተው እስኪመለሱ እዚያው ይቆያሉ። ይህ ልማድ ለበጋ ይስማማል፤ በዝናብ ወቅት ግን ቢያንስ ግማሹን ጊዜ በአሮጌው ከተማ፣ በስቶን ታውን ማሳለፍ ይመከራል፤ ምክንያቱም በባሕር ዳርቻ ሆቴል ዝናብ የያዘው ሰው ከመኝታ ክፍሉና ከምግብ ቤቱ በቀር የሚሄድበት የለውም፤ ከተማ ውስጥ ያለ ግን አሥር እርምጃ ተራምዶ ሌላ ጣራ ሥር ይገባል።

የባሕር ዳርቻ ሆቴል ከመያዝ በፊት በስልክ ወይም በመልእክት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑ ይረጋገጥ፤ አንዳንድ ሆቴሎች ማሲካን ለጥገና ይዘጋሉ፤ ቹምቤ የተባለችው የኮራል ጥብቅ ደሴትም በየዓመቱ በከባዱ ዝናብ ወራት እንግዳ አትቀበልም። ቀጥሎ ጣራው ይጠየቅ። ማኩቲ የሚባለው የዘንባባ ቅጠል ክዳን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ካረጀ ያፈስሳል፤ ስለዚህ መቼ እንደታደሰ መጠየቅ ነውር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የክፍሉን ማቀዝቀዣ ጭምር ያንቀሳቅስ እንደሆነ፣ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ወይም መጋረጃ ያለው እንደሆነ፣ ከዋናው አስፋልት እስከ ሆቴሉ በር ያለው መንገድ ጥርጊያ ከሆነ መኪና ሳይሰጥም ይደርስ እንደሆነ ጭምር ይጠይቁ። የፎቶግራፉ ውበት ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

በዝናብ ጊዜ ባሕር ውስጥ መግባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ውኃው ለብ ያለ ስለሆነ በካፊያ ውስጥ መዋኘት እንዲያውም ያስደስታል። የማይቻለው ነጎድጓድ ሲሰማ ነው፤ ያን ጊዜ ከውኃው ወጥቶ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ መግባት ግድ ነው፤ የዘንባባ ዛፍ ሥር መጠለልም መብረቅ ከመጋበዝ አይለይም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ የከተማው ጎርፍ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ባሕር ስለሚገባ በስቶን ታውን ዳርቻ ለአንድ ሁለት ቀን አለመዋኘት ይሻላል።

ከዝናቡ ይልቅ የቀኑን ውሎ የሚወስነው ግን የባሕሩ መሙላትና መሸሽ ነው። ባሕር በሌለበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን አስቀድመን አናስበውም። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ፤ ጊዜውም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ እስከ አራት ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው ሲሸሽ ባሕሩ ከዓይን እስኪርቅ ድረስ ለብ ያለ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ይሆናል፤ በሰሜኑ ጫፍ በኑንጉዊና በኬንድዋ ግን በሁሉም ሰዓት ለመዋኘት የሚበቃ ውኃ ይገኛል። እንግዲህ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት በኋላ ቢጠራ፣ ያ የጠራ ሰዓት በምሥራቁ ዳርቻ ውኃ ከሌለበት ሰዓት ጋር ሊገጥም ይችላል። ሆቴሎች የዕለቱን የሙላት ሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ እሱን ከዝናቡ ትንበያ ጎን አስተያይቶ ዕለቱን መደልደል የመጀመሪያው የማለዳ ሥራ ይሁን።

ውኃው በሸሸበት ሰዓት የምሥራቁ ዳርቻ ሌላ መልክ አለው። ሴቶች ከ1980ዎቹ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ሣር ያመርታሉ፤ በአሸዋው ላይ ከተተከሉ ትንንሽ ካስማዎች ጋር በተወጠረ ገመድ ላይ ችግኙን እያሰሩ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ይታያሉ። ደመና ያጠላበት ቀን ለዚህ ጉብኝት ከፀሐያማው ይመረጣል። የላስቲክ ጫማ ማድረግ ግን ያስፈልጋል፤ በአለቱ መካከል እሾሃማ የባሕር እንስሳት አሉ። ፎቶ ከማንሳት በፊትም ባለቤቶቹን ማስፈቀድ ወግ ነው።

ጀልባና መርከብስ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ፈጣን መርከቦች ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ በኩሲ ነፋስ ወቅት ጉዞው ብዙ ሰው ያስመልሳል፤ ስለዚህ የሚቻለው ሰው በቀጥታ በአውሮፕላን ይግባ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ስካጊት የተባለችው መርከብ በዚሁ መስመር ላይ በኃይለኛ ነፋስ ተገልብጣ ብዙ ሰው አልቋል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ከባድ አውሎ ነፋስ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይደርስባትም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1872 ኤፕሪል ላይ የመታት አውሎ ነፋስ የቅርንፉድ እርሻዋን አጥፍቷል፤ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሂዳያ የተባለው አውሎ ነፋስ በማፊያ ደሴት በኩል ሲገባ ደግሞ የዳሬሰላምና የዛንዚባር መርከቦች ቆመው ነበር።

ትንንሽ ጀልባዎችን በተመለከተ ባለ ጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ክፍያ ጨምሮ ማግባባት አይገባም። «ይሆናል» ካለም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ዓይቶ መሳፈር ነው። ለምሳሌ ግዙፎቹ ኤሊዎች ወደሚኖሩባት ወደ ቻንጉ ደሴት የሚደረገው ጉዞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ባሕሩ በረጋበት ማለዳ ደስ ይላል፤ ማዕበል ሲነሣ ግን ያችው ግማሽ ሰዓት ረጅም ናት።

ከባለ ጀልባው ጋር ሰዓት ስንቀጥር ግራ ይገባናል ወይ?

ግራ የሚገባቸው ፈረንጆቹ ናቸው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ለነሱም አንድ ሰዓት ነው፤ የሰዓት ቀጠናውም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ሆቴሎችና የሙላት ሰዓት ሠንጠረዦች ግን የሚጠቀሙት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተነገረን ቀጠሮ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በስድስት ሰዓት መሳሳት ማለት ውኃው ከሞላበት ሰዓት ወደ ሸሸበት መሄድ ነው።

ስቶን ታውን ውስጥ ዝናብ ቢይዘንስ ምን እናደርጋለን?

ከተማው እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ቤቶቹ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ፣ መንገዶቹም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ ናቸው። በየቤቱ ደጃፍ ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ተሠርቷል፤ ሰዎች እሱ ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ፤ ጎርፉ መንገዱን ሲሞላው ደግሞ ያንኑ መደብ እየረገጡ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ይሻገራሉ። እንግዳም ሲቸግረው እንዲሁ ቢያደርግ ማንም አይቆጣም፤ የተቀመጡትን ሰላም ማለት ግን ይገባል።

እዚያው መደብ ላይ ባኦ ይጫወታሉ፤ ገበጣ የሚያውቅ ሰው ጠጠሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘራ ሲያይ አገሩ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን ከገበጣ የተወሳሰበ ነውና ገንዘብ አስይዞ መግባት አይመከርም። በከሰል ላይ በተጣደ ረጅም የነሐስ ጀበና የሚዞሩ ቡና ሻጮች ጥቁር ቡና በእጀታ የለሽ ትንሽ ስኒ፣ ከካሻታ ከሚባል የኦቾሎኒ ጣፋጭ ጋር ያቀርባሉ። ቡናው እንደኛው አይደለም፤ በዝናብ መካከል ግን የሚናቅም አይደለም።

ጣራ ሥር ከሚጎበኙት ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የቀድሞው የባሪያ ገበያ ቦታ ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ከተዘጋ በኋላ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል፤ አጠገቡ ባሉት ጣራቸው ዝቅ ያለ የምድር ቤት ክፍሎች ውስጥ ሰዎች ለሽያጭ እስኪወጡ ይታሰሩ እንደነበር አስጎብኚዎች ያስረዳሉ፤ በግቢው ጉድጓድ ውስጥም በሰንሰለት የተያያዙ ሰዎች ሐውልት አለ። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች በዛንዚባር ሱልጣኖች ቤት ይኖሩ ነበር። ለጫጉላ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ደሴቲቱን ከባሕሯ ውጭ ለማወቅ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የኖራና የኮራል ግንብ ውኃ ይጠጣል። በ1883 እ.ኤ.አ. በሱልጣን ባርጋሽ የተሠራው፣ ቤት አልአጃይብ (የድንቆች ቤት) የተባለው ታላቅ ቤተ መንግሥት ከፊሉ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ዶፍ ሲወርድ በአሮጌ ሰገነት ሥር ቆሞ ከመጠለል ይልቅ ሱቅ ወይም ቡና ቤት ውስጥ ገባ ማለት ይሻላል።

የቅመም እርሻ ጉብኝት በጭቃ ጊዜ ዋጋ አለው?

አለው፤ ለኛ ሰው በተለይ። ቅርንፉድን ከሻይ ውስጥ እንጂ ከዛፉ ላይ አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነን። በኪዚምባኒ አካባቢ ባሉት እርሻዎች አስጎብኚው ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ ያልፈነዳውን እምቡጥ ያሳያል፤ ያችው አረንጓዴና ሮዝ እምቡጥ ፀሐይ ላይ ስትደርቅ ነው ጥቁር ሚስማር የምትመስለው። ቀረፋው ከግንዱ ልጥ ተልጦ ይሸተታል፤ እርዱ ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል፤ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል፤ ገውዝ ፍሬው ሲሰነጠቅ በቀይ መረብ ተጠቅልሎ ይገኛል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ቅጠል ታሽቶ ሲሸተት መዓዛው ይጎላል። ነጭ ጫማ አያድርጉ፤ እዚያው ከሚሸጠው ቅመም ይልቅ በዳራጃኒ ገበያ ያለው ዋጋ ይሻላል፤ የተፈጨውን በፓኮ ከመግዛትም ድፍኑን መርጦ መግዛት ነው፤ ዱቄቱ በወበቁ ቶሎ ይሻግታል።

ጆዛኒ ጫካስ?

ከዛንዚባር በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ጉሬዛ የሚታይበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሰዓታት ዝናብ በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል ጦጣዎቹ ጸጉራቸውን ለማድረቅ ወደ ግልጥ ቅርንጫፍ ይወጣሉና ያን ሰዓት መጠበቅ ይጠቅማል። ትንኙ ብዙ ነው።

ምን እንብላ?

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በዚህ ሰሞን የሄደ ሰው ከምግብ ዝርዝሩ የሚዘለው የለውም። ለዝናብ ቀን ኡሮጆን የሚያህል ምግብ አይገኝም፦ በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በማንጎና በሎሚ ኮምጠጥ ያለ ትኩስ ሾርባ ሲሆን ድንች፣ ባጂያ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥና ከሰል ላይ የተጠበሰ ሥጋ ይጨመርበታል። በፎሮዳኒ አደባባይ ሲመሽ የሚዘረጋው የምግብ ገበያ ዝናብ ሲጥል ይበተናል፤ ካባራ ተመልሶ ይዘረጋል። በዝናቡ ምክንያት የሸማቹ ቁጥር ስለሚያንስ የቆየ የባሕር ምግብ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ትኩስ የሚጠበሰውን መምረጥ፣ ከዓሣው ይልቅም በዚያው ቅጽበት የሚጋገረውን የዛንዚባር ፒሳ የተባለውን ጥብስ ማስቀደም ይሻላል።

ምን ይዘን እንሂድ?

ሁለት ነገሮች ከሻንጣው በፊት ይቀድማሉ፦ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ እንዲሁም ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ አገር ጎብኚዎች የምትጠይቀው የ44 ዶላር የጉዞ መድን። ልብስን በተመለከተ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ጨርቅና ቀላል የዝናብ ጃኬት ይበቃል፤ ጃንጥላ በባሕር ዳርቻው ነፋስ ይገለበጣል፤ በጠባቦቹ መንገዶችም የሰው ዓይን ይወጋል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ስለሆነ በከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል፤ ነጭ ስስ ልብስ ዝናብ ሲነካው ገላ ያሳያልና ለከተማ አይሆንም። የረጠበውን ልብስ በፌስታል ልቋጥር ብሎ ማሰብ አያዋጣም፤ የገበያ ፌስታል በዛንዚባር የተከለከለ ስለሆነ ውኃ የማያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይያዝ። የመብራት ሶኬቱ እንደ እንግሊዞቹ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መብራት ስለሚቆራረጥም ፓወር ባንክ አይረሳ። ወባ በደሴቲቱ በእጅጉ የቀነሰ ቢሆንም ከዝናብ በኋላ ያገረሻል፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ረጅም እጅጌና አጎበር ያስፈልጋሉ፤ ከመሄድ በፊት ሐኪም ማማከርም ተገቢ ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢሰማም የት እንደነበሩ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው።

ጉዞው በዝናብ ቢሰረዝ ገንዘባችን ይመለሳል?

ይህ ከመክፈል በፊት እንጂ ከዘነበ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። በዝናብ ወቅት የሚቀርብ የቅናሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ክፍያ ነው፤ እንዲህ ሲሆን «ገንዘቡ ባይመለስ ቀኑ ይቀየርልን ይሆን?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በጽሑፍ ይያዝ፤ ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት ይህን እምቢ የሚል የሆቴል ባለቤት ጥቂት ነው። የጀልባና የጥልቅ ባሕር ጉብኝቶችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆኖ አስቀድሞ መክፈል አያስፈልግም፤ በዚያ ሰሞን ቦታ አይሞላምና በዋዜማው ማታ ሰማዩ ታይቶ ይያዛሉ። ሦስት የባሕር ጉብኝት ያሰበ ሰው አንዱን በቆይታው መጀመሪያ ላይ ያድርገው፤ ከዘነበ ለሌላ ቀን የሚተላለፍበት ጊዜ ይኖረዋል።

የመመለሻው ቀንስ?

የመጨረሻውን ሌሊት በስቶን ታውን ማደር ይመረጣል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ከኑንጉዊ ወይም ከጃምቢያኒ የሚመጣ ሰው በጠራ ቀን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል፤ በዶፍ ጊዜ ግን መንገዱ ላይ የሚተኛ ውኃ ስላለ የዚያን እጥፍ መያዝ አለበት። ሾፌሩን በዋዜማው ማታ መቅጠርና ስልኩን መያዝ፣ እርጥብ ልብሱንም ከሻንጣው አናት ላይ ማድረግ ነው፤ አዲስ አበባ እንደገቡ መጀመሪያ የሚሰጣው እሱ ነውና።